የቀለምና የቅርጽ ባለቤትነት

የሰው ልጅ የእጁን ሥራ ከሌላው ሥራ ለይቶ ማሳወቅ የጀመረው በጥንት ዘመን ነው። ሸክላ ሠሪው በጭቃው፣ ከብት አርቢው በከብቱ ቆዳ ላይ ምልክቱን ያኖር ነበር። ምልክቱ ለሠሪው ስሙ፣ ለገዢው ዋስትናው ነበር። ኢንዱስትሪ ተስፋፍቶ ሠሪና ገዢ ሳይተያዩ በገበያ መገናኘት ሲጀምሩ ግን አስመሳዩም አብሮ በዛ፤ ለምልክቱ የሕግ ከለላ ማበጀትም ግድ ሆነ።

እንግሊዝ በ1875 እ.ኤ.አ. የንግድ ምልክት ምዝገባ ሕግ አወጣች። መዝገቡ በ1876 ሲከፈት በቁጥር 1 የሰፈረው፣ በበርተን ከተማ ቢራ ይጠምቅ የነበረው የባስ ኩባንያ ቀይ ሦስት ማዕዘን ያለበት ዓርማ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤዷር ማኔ በ1882 ለሕዝብ ባቀረበው የፎሊ ቤርዤር መጠጥ ቤት ሥዕል ውስጥ ይኸው ቀይ ሦስት ማዕዘን በጠርሙሶቹ ላይ ጎልቶ ይታያል። የነጋዴው ምልክት የዘመኑ መልክ አካል እስከ መሆን መድረሱን ከዚህ መገንዘብ አያዳግትም።

ከዓርማ ቀጥሎ የመጣው የቅርጽ ጥያቄ ነው። በ1915 የኮካ ኮላ ኩባንያ፣ በጨለማ ሲዳሰስ፣ ተሰባብሮ መሬት ላይ ሲገኝም እንኳ የሚለይ ጠርሙስ እንዲሠራለት ጠየቀ። በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ክፍለ ሀገር የሚገኘው የሩት የመስታወት ፋብሪካ ወገቡ የቀጠነውን ጠርሙስ ፈለሰፈ። ቅርጹ በመጀመሪያ የተጠበቀው ዘመኑ በተወሰነ የንድፍ መብት ሲሆን፣ በ1960 በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የንድፍ መብት ጊዜው ሲደርስ ያበቃል፤ የንግድ ምልክት ግን በሥራ ላይ እስካለ ድረስ እየታደሰ ይኖራል።

ዋናው ክርክር የሚነሣውም ከዚህ ነው። የቀለማት ቁጥር ውስን ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ነጋዴ አንዱን ለዘለዓለም ቢይዝ ለሚቀጥለው ምን ይተርፈዋል? ጥያቄው በ1995 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ኳሊቴክስ የተባለው ኩባንያ ለልብስ መተኮሻ መኪና የሚሠራው ንጣፍ ወርቃማ አረንጓዴ ነበር፤ ተወዳዳሪው ጃኮብሰን በ1989 ተመሳሳዩን ቀለም መጠቀም ጀመረ። ፍርድ ቤቱ ገዢዎች ቀለሙን አይተው ሠሪውን የሚያውቁ ከሆነ፣ ቀለም ብቻውን ምልክት ሊሆን እንደሚችል ወሰነ። ይሁን እንጂ ለዕቃው አገልግሎት አስፈላጊ የሆነን ቀለም ማንም ለብቻው ሊይዘው እንደማይችል አሳሰበ።

ይኸው ገደብ ለቅርጽም ይሠራል። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2010 ስምንት ጉጦች ያሉትን የሌጎ የመጫወቻ ጡብ ቅርጽ በንግድ ምልክትነት አልተቀበለም። ጉጦቹ ጡቦቹን የሚያያይዙ በመሆናቸው ቅርጹ የቴክኒክ መፍትሔ ነውና፣ እንዲህ ያለው መፍትሔ በምልክት ስም ለዘለዓለም ሊታጠር አይገባም።

የኢትዮጵያም የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ቃላትን፣ ፊደላትንና ንድፎችን ብቻ ሳይሆን ቀለማትን፣ የዕቃንና የማሸጊያን ቅርጽ ጭምር በንግድ ምልክት ትርጓሜው ውስጥ አካቷል።

እንግዲህ ሕጉ የሚጠብቀው ቀለሙን ራሱን ሳይሆን፣ በቀለሙ አማካይነት በሠሪውና በገዢው መካከል የተገነባውን እምነት ነው። ያ እምነት የሠሪው የድካም ዋጋ ነው። ሠዓሊው የሚነክርበት ቀለም፣ አናጢው የሚቀርጸው ቅርጽ ግን የሁሉም ሀብት ሆኖ ይኖራል፤ ሊኖርም ይገባዋል።