ከካሴት ወረቀት ወደ ሸክላ ሽፋን፦ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ»

(አኮርዲዮን ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የጁቤ፣ ቢቸና፣ ሞጣ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ይህ የታሪክ ማስታወሻ ነው።

ይህን አኮርዲዮን ታውቁታላችሁ። ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያንም በስም ታውቁታላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ዜማው ስለለበሰው ልብስ፣ ስለ ሽፋኑ ነው። የካሴት ወረቀት የነበረው እንዴት የሸክላ ሽፋን ሆነ?

ዳራውን ቶሎ ላድርሳችሁ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ፤ አዲስ አበባ አደገ፤ በሂልተን ሆቴል ከዋልያስ ባንድ ጋር ተጫወተ፤ በ1977 «ጨ በለው» የተባለው አልበማቸው ወጣ፤ በ1981 ባንዱ አሜሪካ ዞረ፤ እሱና አንዳንድ ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። ይበቃል። አሁን ልቤ ወዳለበት ልሂድ።

ዓመቱ 1985 ነው፤ ቦታው ዋሽንግተን። ኃይሉ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ለመቅረጽ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገባ። በልጅነቱ በራሱ የተማረውን አኮርዲዮን አነሳ። አኮርዲዮን በዚያን ጊዜ በከተማ ሙዚቃችን ቦታውን ለኪቦርድ እየለቀቀ ነበር። እሱ ግን አኮርዲዮኑን ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አገናኘው። ድራሙን የሚመታው ማሽን ነው፤ ከላይ ያለው ዜማ ግን የእኛው ነው። ደግሜ ልበለው፦ ማሽኑ ይመታል፣ ዜማው የእኛው ነው። የዚህ ካሴት ትልቅነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ላስተካክል፤ ይህን ክፍል እወደዋለሁ።

«ባንዱ እንዴት ግሩም ነው!» ይባላል። ባንድ የለም! መሣሪያውን ሁሉ የተጫወተው አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፤ አንዱን መሣሪያ ቀድቶ፣ ሌላውን በላዩ እየጨመረ።

«የንጉሡ ዘመን ሙዚቃ ነው» ይባላል። አይደለም። በ1985 ንጉሡ ከወረዱ አሥር ዓመት አልፎ ነበር። የተቀረጸውም አዲስ አበባ አይደለም። ከአገሩ በራቀ ሰው እጅ፣ አሜሪካ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። «ፈረንጅ አገኘው» ይባላል። (ቆም ብሎ) ማንን ነው ያገኘው? ያ ካሴት እኮ እዚህ አገር ተሸጧል፣ ተደምጧል። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴቱን ያነሳው የት መሰላችሁ? ባሕር ዳር! ሞጣ ያላችሁ፣ ያውም ጎረቤታችሁ ከተማ። ስለዚህ «አገኘው» አትበሉ። እኛ ዘንድ የነበረውን ሰምቶ ወደደው በሉ። ሰውየው ለወደደው ነገር ታማኝ ሆኗል፤ ይህን አልነፍገውም። ኃይሉን ፈልጎ ስልክ ደወለለት፤ በ2013 «አውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አሳታሚው በሸክላ፣ በሲዲና በካሴት አወጣው።

እዚህ ላይ ነው የሽፋኑ ሥራ የሚመጣው። የካሴት ወረቀት ፊቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ከ6 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይሰፋ ነው። የሸክላ ሽፋን ደግሞ በየጎኑ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ እኩል አራት ማዕዘን ነው። ቀጭኑን ምስል ወደዚያ ስትወስዱት ወይ ትቆርጣላችሁ፣ ወይ በጎን ባዶ ቦታ ትሞላላችሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ የድሮ ሕትመት ነጥብ ነጥብ ነው፤ ሲያሳድጉት ነጥቡ ፈጦ ይወጣል፣ ፊቱ ይደበዝዛል። ንድፍ አውጪው ደግሞ የትኛው ፊደል ይቆይ፣ የትኛው ይውጣ፣ የሰውየው ስም የት ይቀመጥ የሚለውን መወሰን አለበት።

አንዳንዱ አሳታሚ ሁሉን ጥሎ አዲስ ሥዕል ያስላል፤ በረሃ፣ ግመል፣ የፀሐይ መጥለቂያ። እኔ ይህን አልቀበልም። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ዋሽንግተን በማሽን የተጫወተ ሰው ከግመል ጋር ምን አገናኘው? የድሮው ሽፋን የሚነግረን አለ። ካሴቱን ማን እንዴት እንደሸጠው፣ ሙዚቀኛው ራሱን እንዴት ማሳየት እንደፈለገ፣ የትኛው አድማጭ እንደታሰበ፣ ሁሉም እዚያች ወረቀት ላይ አለ። ፊደላችንም እዚያው ላይ አለ። ማደስ ጥሩ ነው፤ የሰውየውን ፊትና ፊደሉን ማጥፋት ግን ማደስ አይደለም። ይህንንም ልድገመው፦ ማጥፋት ማደስ አይደለም።

(ሙዚቃው ትንሽ ከፍ ይላል)

ኃይሉስ? «ሙዚቃ ተወ፣ ታክሲ ነዳ» የሚሉ አሉ። ታክሲ መንዳቱ እውነት ነው፤ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ይጭን ነበር። ሙዚቃ ተወ የሚለው ግን ውሸት ነው። ኪቦርዱ ከመኪናው ኋላ ነበር፤ መንገደኛ በሌለበት ሰዓት አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በድጋሚ ከወጣ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ተጫወተ፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የተባሉ አልበሞችን አወጣ።

አድማጮቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እቤታችሁ የድሮ ካሴት ካለ አትጣሉት። ክሩ ተበላሽቶ አይሰማ ይሆናል፤ ወረቀቱን ግን ያዙት። ለማስታወሻ ፎቶ አንሱት፣ ከጀርባው የተጻፈውንም ጨምሩ፤ የሙዚቃ ቤቱ ስም፣ ዓመቱ፣ የተጫዋቾቹ ስም ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ የለም። የጁቤም ሆናችሁ ቢቸና፣ የያዛችሁትን ንገሩን። ደህና ሁኑ።