ማን አይቶት ተጻፈ? የአፋምቦ ድንጋይና የኳንተም ክርክር

አዋሽ አፋርን አቋርጦ ባሕር ሳያይ ይቀራል። አሳይታን አልፎ፣ የገማሪንና የአፋምቦን ሐይቆች ነክቶ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ወንዙ ሳይሆን በዚያው ስላለው ገደል ነው። የገማሪ ገደል የጥቁር ድንጋይ ድርብርብ ነው፤ እሳተ ገሞራ በየጊዜው ያፈሰሰው ቅልጥ አለት አንዱ ባንዱ ላይ እየረጋ የሠራው።

በ1999 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተስፋዬ ኪዳኔ ከኢትዮጵያና ከፈረንሳይ ባልደረቦቹ ጋር በዚህ ድንጋይ ላይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት የብረት ማዕድን ቅንጣቶች የዘመኑን የምድር ማግኔት አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። ከ2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግድም ደግሞ ማግኔቱ ተገልብጦ ነበር፤ ኮምፓስ ቢኖር ኖሮ የሰሜኑ ጫፍ ወደ ደቡብ ባመለከተ። በዚያ ረጅም ዘመን መካከል ግን ለአጭር ጊዜ ወደ ዛሬው አቅጣጫ ተመልሷል፤ ሊቃውንት የሬዩንዮን ዘመን ይሉታል። ተመራማሪዎቹ ያንን አጭር ዘመን ከገደሉ ንጣፎች ለይተው አወጡት፤ ዕድሜውንም በፖታሲየምና በአርጎን መጠን ለኩት።

ታዲያ ይኸ ከኳንተም ጋር ምን አገናኘው? መልሱ ቀላል ነው። ኒልስ ቦር በ1911፣ ሄንድሪካ ቫን ሌውን በ1919 እንዳሳዩት፣ የጥንቱ ፊዚክስ ብቻውን የቁስን ማግኔትነት ሊያስረዳ አይችልም። የአርጎኑም ሰዓት እንዲሁ ነው፦ አንዱ የፖታሲየም-40 አቶም መቼ እንደሚፈርስ ማንም አስቀድሞ አይናገርም፤ የብዙዎቹ ግማሽ ዕድሜ ግን 1.25 ቢሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ ይታወቃል።

ኳንተም ግን አስቸጋሪ ጠባይ አለው። አንድ አቶም ፈርሶም ሳይፈርስም በድርርብ ሁኔታ ሊገኝ ይችላል ይለናል። ሽሮዲንገር በ1935 በድመቷ ምሳሌ የሞገተው ይህንኑ ነበር። ከዚያ በፊት በ1932 ፎን ኖይማን መለኪያ ሲገባ የሚሆነውን ለብቻው ሕግ አድርጎ ጽፎ ነበር። ዊግነርም በ1961 የተመልካች ኅሊና ካልገባበት ነገሩ አይቆርጥም እስከ ማለት ደረሰ።

የእኛም ጥያቄ ከዚህ ይነሳል። የገማሪ ድንጋይ ሲረጋ ኮምፓስ ይዞ ያነበበ ማን ነበር? ድንጋዩ ሰሜንም ደቡብም ሆኖ ሲዋልል ኖረና ናሙናው ላቦራቶሪ ሲገባ ቆረጠ ልንል ነውን? ኧረ እንዴት ተደርጎ!

መልሱ ቀስ ብሎ መጣ። በ1949 የድንጋይ ማግኔት እንዴት ሚሊዮን ዓመታት እንደሚዘልቅ ያስረዳው ሉዊ ኔል በ1970 ኖቤል ተሸለመ። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ዲተር ዜህ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ለዓመታት ብዙ ሰሚ አላገኘም። ቁም ነገሩ ይኸ ነው፦ የትኛውም ትልቅ ነገር ብቻውን አይቆምም። አየሩ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ ዘወትር እየነካው ወሬውን ያዛምትበታል። የድርርቡም ኅብር ወደ አካባቢው ተበትኖ ከእይታ ይሰወራል። ይህን ነው ዲኮሄረንስ፣ የኅብር መፍረስ የሚሉት። ዙሬክ በ1981 እና በ1982 አስፋፋው። ዮስና ዜህ በ1985 የአቧራ ቅንጣት እንኳ ከዚህ እንደማያመልጥ በስሌት አሳዩ። በ1996 ደግሞ ሰርዥ አሮሽና ባልደረቦቹ ፓሪስ ላይ ኅብሩ ደረጃ በደረጃ ሲፈርስ በሙከራ ተከታተሉት።

ነገሩ እንደ አዋሽ ውሃ ነው። አቤ ሲደርስ ይተናል እንጂ ከዓለም አይወጣም፤ ግን በየአየሩ የተበተነውን መልሶ ማን ይሰበስበዋል? ከታች የሚቀረው ጨው ነው።

መቼም ሁሉ ተፈታ ብለን አናጋንን። ዲኮሄረንስ ድርርቡ ለምን እንደማይታየን ይነግረናል፤ ከሚቻሉት ውስጥ ይኸኛው ሆኖ ያኛው ለምን እንደቀረ ግን አይነግረንም። ሊቃውንቱ በዚህ ዛሬም አልተስማሙም፤ ለእኛም የተረፈ ሥራ አለ ማለት ነው። ቢሆንም ከእንግዲህ ወዲያ አንዱ ጓደኛችን ተነስቶ «ተመልካች ከሌለ እውነት የለም» ቢለን፣ እስቲ ስለ ገማሪ ገደል እንጠይቀው።