ዱባ ታሪክ አለው እንዴ?

እንዳ ኢየሱስ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ነው። ታሪክ ለሚወድ ሰው ግን ቦታው መጀመሪያ ምሽግ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ጣልያኖች በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ በሠሩት ምሽግ ውስጥ ሻለቃ ጋሊያኖ ከ1,000 በላይ ወታደር ይዞ መሽጎ ነበር። የእኛ ሰዎች በቀጥታ ሊሰብሩት ሞክረው ብዙ ሰው ወደቀ። በመጨረሻ መላው የተገኘው ከእቴጌ ጣይቱ ነው፤ ምንጩን ያዙበት! ሁለት ሳምንት ገደማ በውኃ ጥም ከተቃጠለ በኋላ ጋሊያኖ ጥር ላይ ምሽጉን ለቆ ወጣ። (አድዋ ላይ ሞተ። እሱ ሌላ ወሬ ነው።)

ይህን ያነሣነው ግን ስለ ጦርነት ልናወራ ብለን አይደለም። ስለ ዱባ ልናወራ ነው። ሳቁ ከፈለጋችሁ፣ እንጠብቃችኋለን…

ጨረሳችሁ? እንግዲህ ነገሩ ይኸውላችሁ። የመቀሌ ዝናብ በዓመት ወደ 600 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ እሱም አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተጠራቅሞ ይወርድና መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይዘጋል። እዚያ አገር ጓሮ ውስጥ የሚበቅል ነገር ወይ በሁለት ወር ሥራውን ይጨርሳል፣ ወይ ከዚያ ወዲያ በጥም መኖርን ይለምዳል። ጋሊያኖ ያልቻለውን ማለት ነው። ዱባ ግን ቻለ። የሚገርመው ደግሞ ዱባ የዚህ አገር ልጅ አለመሆኑ ነው።

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» እያልን እንተርታለን። ተረቱን የተናገሩት አባቶችና እናቶች የዕፅዋት ሳይንስ አልተማሩም፤ ግን ልክ ናቸው፤ እነሱ ካሰቡትም በላይ ልክ ናቸው። ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ወደ ማታ ይፈካል። ዱባ ደግሞ ከአትላንቲክ ማዶ የመጣ ነው፤ አበባው ቢጫ፣ ጎሕ ሲቀድ ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይሞላ የሚከደን። ሜክሲኮ ውስጥ ኦሃካ በሚባል አገር ከዋሻ የተገኙ የዱባ ፍሬዎች 10,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። ትልልቁና ክብ የሆነው ሌላው ዘመዱ ደግሞ የደቡብ አሜሪካ ሰው ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባይሻገር ኖሮ ሁለቱ በአንድ አጥር ላይ አይገናኙም፣ ተረቱም አይኖርም ነበር። ማን ያውቃል፣ በዱባ ፋንታ ከምን ጋር እንተርተው ነበር!

ታዲያ እዚህ ማን አመጣው? ሌሎቹ ስደተኞች ቢያንስ ምልክት ትተዋል። በቆሎን የድሮ ሰዎች «የባሕር ማሽላ» ይሉት ነበር፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ድንችን እ.ኤ.አ. በ1858 አስገባ የሚባለው ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ይህ ጀርመናዊ ዕፅ ለቃሚ ትግራይ ገብቶ፣ አግብቶ ወልዶ፣ አድዋ ላይ የሞተ ሰው ነው። ለድንች እንግዲህ ስምና ዓመት ተገኘለት። ዱባን በተመለከተ ግን እንዲህ ያለ ስም የለንም። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ፣ በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ የሄደ ነገር ነውና የሚጽፍለት ጸሐፌ ትእዛዝ አልነበረውም።

እኛ የምንለው ይህ ነው፦ የኢትዮጵያ ዱባ ታሪክ የሴቶች ታሪክ ስለሆነ ነው ያልተጻፈው። እርሻው የአባወራ ሲሆን ጓሮው የእማወራዋ ነው። የትኛው ዱባ ጣፈጠ፣ የትኛው ሳይበሰብስ እስከ ዐቢይ ጾም ደረሰ፣ የትኛው ዝናብ በቀረበት ዓመት እንኳ ሁለት ፍሬ ሰጠ… ይህን ሁሉ የምታውቀው ወጥ የምትሠራዋ ናት። ፍሬውን ከሆዱ አውጥታ ግማሹን ቆልታ ለልጆች ስትሰጥ፣ ጥቂቱን ለኮሶ መድኃኒት ስታስቀምጥ፣ ምርጡን ደግሞ ለሰኔ ትለያለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ «ዝርያ ማሻሻል» ይባላል፣ ዲግሪም ይሰጥበታል። ጓሮ ውስጥ ሲሆን «ሴትዮዋ ዱባ ዘራች» ነው።

ዘር ለቃሚዎችም ቢሆኑ ዓይናቸው እህል ላይ ነበር። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 መጥቶ ከአዲስ አበባ በጎንደርና በአክሱም አድርጎ አስመራ ድረስ ሲጓዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎች ሰበሰበ። በተለይ የስንዴና የገብሳችን ብዛት አስደንቆት አገራችንን ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ ናት ብሎ ጻፈ። የእሱ መጨረሻ ያሳዝናል። የስታሊን መንግሥት አስሮት እ.ኤ.አ. በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ሞተ። በዚያው ዘመን በተከበበችው ሌኒንግራድ የተቋሙ ባልደረቦች የሩዝና የኦቾሎኒ ከረጢት ታቅፈው፣ ዘሩን ከመብላት በረሃብ መሞትን መረጡ። ከዘሩ መካከል ከእኛ ማሳ የሄደውም እንደነበረ አትርሱ።

እኛም የራሳችን የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመኖች እርዳታ አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሲበላ (ማን ይፈርድበታል?) በዶክተር መላኩ ወረደ የሚመሩት ባለሙያዎች በተጎዱት አካባቢዎች እየዞሩ ሊጠፋ የነበረውን ዘር ሰበሰቡ፤ በኋላም ለገበሬው መመለስ ጀመሩ። መላኩ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አግኝተዋል። የአድዋው ልጅ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርም እ.ኤ.አ. በ2000 ይህንኑ ሽልማት ወስደዋል። ሁለቱም አጥብቀው የያዙት አንድ ነገር ነበር፦ ዘር ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ አይድንም፣ በገበሬው እጅ እየተዘራ መኖር አለበት።

ወደ እንዳ ኢየሱስ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1993 የደረቅ አካባቢ ግብርና ኮሌጅ እዚያ ሥራ ጀመረ፤ ዩኒቨርሲቲው ያደገው ከእሱ ነው። ዓመታት አልፈው የኮሌጁ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር 400 የሚሆኑ የስንዴ ዓይነቶችን ከዘር ባንኩ አውጥተው ሀገረ ሰላምና ወሎ ገረገራ ላይ ዘሩ፤ ከዚያ 60 ገበሬዎችን፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ጠርተው «እስቲ ነጥብ ስጡ» አሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። የገበሬዎቹ ዓይን ከመሣሪያ ልኬት ጋር ተደምሮ ለአካባቢው የሚበጀውን ለመለየት የሚያስችል ሆኖ ተገኘ። ጥሩ ሥራ ነው፣ እናጨበጭባለን። ግን ደግሞ… ስንዴ! ለዱባስ ማን ነጥብ ይስጥ?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ትግራይ ላይ መንገድ፣ ባንክ፣ ስልክና መብራት ሲዘጋ ማዳበሪያም የተሻሻለ ዘርም እንደ ልብ አይገባም ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚበቅለው ቤት ውስጥ ያለው ዘር ነው። ከሱቅ የተገዛ ድቅል ዘር (ዙኪኒው፣ ባለ ቆርቆሮው) የመጀመሪያውን ዓመት ያምር ይሆናል፤ ፍሬውን መልሳችሁ ስትዘሩ ግን የወላጁን መልክ አይደግምም። የአያታችሁ ዱባ በተከበበ ከተማ ውስጥም ዘር አለው።

አሁን ወደ ሥራው። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ በጎረቤት ጓሮ ተለማመጡ። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ያወጣል፤ ሴቴዋን ከሥሯ ባለችው ትንሽ ዱባ ታውቋታላችሁ። ንብ የማንንም ብናኝ ለማንም ስለምታደርስ የሰፈሩ ዱባ ሁሉ ይዛመዳል። ዝርያው እንዳይቀየጥ የሚፈልግ ሰው ሊከፈት የደረሰውን አበባ ማታ በክር አስሮ ጠዋት በእጁ ያዳቅላል። ጥም የሚችል ዱባ የሚፈልግ ሰው ግን ተቃራኒውን ያድርግ፦ ከሦስት አራት ሰፈር ያገኘውን የአገር ዱባ ቀላቅሎ ይዝራ፣ ንቦቹን ይተዋቸው፣ ውኃውንም ይቆጥብ። የሚደርቀው ይድረቅ። ከተረፉት መካከል የጣፈጠውን ብቻ ለዘር ያስቀር፣ በሚቀጥለው ሰኔም ይድገም። ሦስት አራት ክረምት ካለፈ በኋላ ዱባው የዚያን ግቢ አፈር የለመደ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለዘር የምትይዙትን እያንዳንዱን ዱባ ቅመሱ። የሚመር ከሆነ ትፉት፣ አትብሉት፣ ዘሩንም ጣሉት፤ ምሬቱ መርዝ ነው። ደኅናው ከተቆረጠ በኋላ ሳይከፈት ጥቂት ሳምንታት ይቆይ፤ ፍሬው ውስጥ ለውስጥ መብሰሉን ይቀጥላል። ከዚያ አጥባችሁ በጥላ አድርቁት፣ ወረቀት ላይ የሰፈሩንና የሰጣችሁን ሴትዮ ስም ጻፉ። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ አራት አምስት ዓመት ይበቅላል።