የቀድሞ ሞተር ሳይክል መብራትና የሽቦው ምስክርነት

የመሣሪያን ታሪክ የሚመረምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን፥ ቀለሙንና የፋብሪካውን ምልክት ይመዘግባል። ከነዚህ በታች የተሸሸገው የኤሌትሪክ ሽቦ ግን እንደ ተራ ነገር ተቈጥሮ ይታለፋል። በእንግሊዝ አገር የተሠሩ የቀድሞ ሞተር ሳይክሎች ሲታደሱም ብዙ ጊዜ አሮጌው ሽቦ በመጀመሪያው ቀን ተቈርጦ ይጣላል። ይህ ሽቦ ግን ከመጣሉ አስቀድሞ ሊነበብ የሚገባው ሰነድ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያው ዘመን መብራቱን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ነጂው በዕቃ ውስጥ ካልሲየም ካርባይድ ያኖራል፤ ውሃ ጠብ ጠብ ሲልበት አሴቲሊን የተባለው ጋዝ ይወጣል፤ ይህም በክብሪት ይለኰሳል። ብርሃኑ ነጭና ብርቱ ስለ ነበረ፥ ኤሌትሪክ በመጣ ጊዜ ነጂዎች ወዲያው አለመቀበላቸው አያስደንቅም። በአሜሪካ ኢንዲያን የተባለው ኩባንያ በ1914 ሄንዲ ስፔሻል የተባለውን ከኤሌትሪክ መብራትና ማስነሻ ጋር አውጥቶ ነበር፤ ባትሪዎቹ ሥራውን መሸከም ስላልቻሉ በዓመቱ ቀረ።

በእንግሊዝ አገር መፍትሔ ሆኖ የተስፋፋው የበርሚንግሃሙ የሉካስ ኩባንያ ማግዳይኖ ነው። ይኸውም ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው ማግኔቶና ለመብራቱ ኤሌትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ በአንድነት የተጣመሩበት ነው። ሁለቱ ቢጣመሩም ሥራቸው የተለያየ ነበረ፤ ባትሪው ቢሞት ሞተሩ መሄዱን አያቆምም። በእኔ አስተያየት ባለቤቶች የመብራቱን ሽቦ ባገኙት ቍራጭ እየቀጠሉ እንዲኖሩ ያደረጋቸው ይህ ነው። ትራያምፍ በ1953 ስፒድ ትዊን የተባለውን በአልተርኔተርና በኮይል ብልጭታ ከሠራው በኋላ ግን የሽቦ ጉድለት ሞተሩንም የሚያቆም ሆነ።

አሁን ወደ እድሳቱ እንምጣ። በእነዚህ ማሽኖች ኤሌትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በብረቱ አካል በኩል ነው። ስለዚህ አካሉን በወፍራም ቀለም አሳምሮ የቀባ ሰው የመመለሻውን መንገድ ሳያውቅ ይዘጋዋል። የ6 ቮልት ባትሪ ለ30 ዋት አምፑል 5 አምፔር ይሰጣል፤ በመገናኛው ላይ የ0.2 ኦም ዝገት ወይም ቀለም ቢኖር አንድ ቮልት ይጠፋል፤ ይህም ብርሃኑን ወደ ግማሽ ያህል ዝቅ ያደርገዋል። አሮጌው መብራት ደካማ ነበረ የሚለው ወሬ ከፊሉ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል።

ከዚህ የሚከፋው የቀለም ስሕተት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሠሩት በብዙዎቹ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች ከብረቱ አካል ጋር የሚያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነበረ። በ1960ዎቹ በተሠሩት ትራያምፎች ላይ ወደ አካሉ የሚሄደው ሽቦ ቀይ ነው። የዛሬው ሰው ግን ቀይን እሳት ያለበት ሽቦ አድርጎ ስለሚያየው ባትሪውን ገልብጦ ያያይዛል፤ ተለዋዋጩን ኤሌትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠውም መሣሪያ ይቃጠላል።

አዳሹ ማሽኑን ወደ 12 ቮልት ቢለውጠው አልነቅፍም፤ ሌሊት የሚሄድ ሰው ማየት አለበት። በጦርነቱ ዘመን ለሠራዊቱ በተሠራው ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 ላይ ግን ነገሩ ይለያል። በእንግሊዝ አገር ከመስከረም 1939 ጀምሮ የፊት መብራት በክዳን እንዲሸፈን ታዝዞ ስለ ነበረ፥ የደበዘዘው ብርሃን ራሱ የዘመኑ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ሽቦው ከመነቀሉ በፊት እያንዳንዱ ጫፍ ቍጥር ይታሰርበት፥ መንገዱ በወረቀት ይሣል፥ የጥጥ ሽፋኑ ቀለም ፀሐይ ካልነካው ስፍራ ይታይ። ብዙ ጊዜ እውነተኛው ቀለም የሚገኘው ከነዳጅ ታንኩ ሥር ወይም በመብራቱ ቅል ውስጥ ነው። የተነቀለው በከረጢት ተደርጎ ከማሽኑ ጋር ይቀመጥ። አዲስ የመመለሻ ሽቦ ካስፈለገም ከታንኩ ሥር ይለፍ፤ ከቀድሞው ጋር እንዳይምታታም በሥዕሉ ላይ ይመልከት።