የአቼቶው ደቂቃ

ስሙኝማ። ደራን አልፋችኋት ታውቃላችሁ እንጂ ወርዳችሁባት አታውቁም። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣ መንገደኛ ደራን የሚያስታውሳት በሙቀቷ፣ በአቧራዋና በመንገድ ዳር ምግብ ቤቶቿ ነው። ከምግብ ቤቶቹ አንዷ የአክስቴ ናት። አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ፍሪጅ፣ በየጠረጴዛው ላይ ጨው፣ ሚጥሚጣና የአቼቶ ጠርሙስ። ሹፌሮች ጥብስ ያዛሉ፣ ሰላጣቸው ላይ አቼቶ ያፈሳሉ፣ በልተው ይሄዳሉ። ይህን አቼቶ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አክስቴ ያን ጊዜ 43 ዓመቷ ነበር። ስድስት ወልዳለች። "ምጥማ ለእኔ እንጀራ እንደ መጋገር ነው" ትላለች። (ትዋሻለች። እናቴ የመጀመሪያውን ልጅ ጊዜ ታስታውሳለች።) የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ልጅ ስትመጣ ቡና ታፈላላታለች። ልጅቷም ቡናዋን ፉት እያለች ያቺኑ ነገር ታነሳለች።

"እትዬ፣ አሰላ ወጣ ብለው የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ያድርጉ እንጂ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ሁሉ ትመርመር ነው የሚባለው።"

"ምኔን አመመኝና? ያላመመኝን ልታሳምሚኝ ነው?"

በሁለተኛው ቡና ያው፣ በሦስተኛውም ያው።

እስቲ ፍረዱ፤ አክስቴ ምን አጠፋች? እኛ አገር ሐኪም ቤት የሚኬደው ሲወደቅ ነው። ቆማ እንጀራ የምትጋግር፣ በርሜል ውሃ የምታስጭን ሴት ምን ብላ ተነስታ "ማህፀኔን እዩልኝ" ትላለች? የዚህ በሽታ ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚሉት ቫይረስ በግንኙነት ይተላለፋል። አብዛኛው ሰው አንድ ጊዜ ይይዘዋል፤ ሰውነት ራሱ ያባርረዋል። ሳይባረር የቀረው ግን የማህፀን በር ላይ ተቀምጦ አሥርም፣ አሥራ አምስትም ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ይሠራል። አያምም፣ አያደማም። ደም ከታየና ወገብ ከተቆረጠመ በኋላ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ለረፈደባት ሴት ደግሞ መንገዱ ሩቅ ነው። በአገሪቱ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋውም በወር የሚቆጠር።

አክስቴን አሰላ ያወጣት ግን ይህ ሁሉ አይደለም። ምራቷ ናት።

ምራቷ ሁለተኛዋን ወልዳ "አሁንስ ትንሽ ልረፍ፣ ሉፕ ላስገባ" አለች። ደራ ጤና ጣቢያም ይቻል ነበር፤ እሷ ግን የሚያውቃት ዓይን በሌለበት ይሁንልኝ አለች። ደራ ትንሽ ከተማ ናት፣ አልፈረድኩባትም። አክስቴ ሉፕ ወደ ልብ ይወጣል ሲሉ ሰምታለች። ክፉኛ ተቃወመች፤ ማልዳ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ሚኒባሱ ላይ ከምራቷ ቀድማ ተገኘች። "ወደ ልቧ ሲወጣ እኔ ካልያዝኩት ማን ሊይዘው ነው?"

የዚያ መንገድ ነገር ይገርማል። ከደራ ስትነሱ ላብ በላብ ናችሁ። ኢተያ ላይ ንፋሱ ይቀየራል፤ ስንዴው እየረዘመ፣ ጭላሎ እየቀረበ፣ አሰላ ስትደርሱ ጋቢ ያልያዘ ይጸጸታል። አክስቴ ጋቢ ይዛለች።

የሐኪም ቤቱ ሲስተር ምራቲቱን ከማስገባቷ በፊት ሉፑን ለአክስቴ በእጇ አሳየቻት። ከክብሪት እንጨት የምታጥር፣ መዳብ የተጠመጠመባት ፕላስቲክ። "እናቴ፣ ይህች እስከ 12 ዓመት ትሠራለች፤ ልጅ ሲፈለግ ትወጣለች። ከማህፀን ወደ ልብ የሚወስድ መንገድ የለም።" አክስቴ አገላብጣ አየቻት። "ለዚህች ነው እንዴ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁት?"

ምራቷ ቶሎ ወጣች። ከዚያ ሲስተሯ በሩ ላይ ቆማ፣ "እናቴ፣ የእርስዎስ ዕድሜ ስንት ነው?" አለች።

"43።"

"እንግዲያው ይግቡ።"

አለቀ። ሦስት ቡና ያላንበረከካት ሴት በአንድ ጥያቄ ገባች። ምራቷ እያየቻት እንዴት እንቢ ትበል?

አሁን የምነግራችሁን አክስቴ ለወንድ አትናገረውም፤ እኔ ግን ጽፌዋለሁ። "ስድስት ጊዜ ስወልድ አላፈርኩም" አለችኝ። "ያኔ ለልጅ ነው። ለራሴ ብዬ እዚያ አልጋ ላይ መውጣት ግን አሳፈረኝ።" ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ ስለ ሴቶች ምርመራ የተጻፈ ነገር ሳነብ እሱን እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ አላገኘውም።

መሣሪያው ስፔኩለም ይባላል። ፊት ለፊት የተጋጠሙ ሁለት ማንኪያዎች አስቡ፤ ገብቶ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ የማህፀኑ በር በመብራት ይታያል። ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ አያቆስልም። ሲስተሯ "ረጅም ትንፋሽ ይውሰዱ" እያለች ጥጡን ነከረች። አክስቴ አፍንጫዋን ነፋች።

"ሲስተር፣ ምንድን ነው የሸተተኝ? አቼቶ ነው?"

"አዎ እናቴ፣ የእሱ ዘር ነው። አሁን እቀባዎታለሁ።"

አክስቴ ሳቀች። እንዲህ በዋዛ የምትስቅ እንዳይመስላችሁ፤ ሆዷ እስኪንቀጠቀጥ ነው የሳቀችው። ሲስተሯ መሣሪያውን ያዝ አድርጋ አብራት ሳቀች። ውጭ የተቀመጠችው ምራት "እያለቀሰች ነው" ብላ ተነስታ ነበር።

ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ነው፤ አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው እሱ ራሱ። ጤናማው ሥጋ ሲቀባ ሮዝነቱን አይለቅም፤ መንገድ የሳተው ሥጋ ግን አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ነጭ ይሆናል። ላቦራቶሪ የለ፣ ማይክሮስኮፕ የለ፣ ውጤት በሳምንቱ ኑ የለ። ህንድ አገር ሙምባይ ውስጥ በ150 ሺህ ገደማ ሴቶች ላይ ለዓመታት ተሞክሮ በዚህ በሽታ የሚሞቱትን በ31 በመቶ ቀንሷል፤ የመረመሩትም ሐኪሞች ሳይሆኑ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች ነበሩ።

ያቺ አንድ ደቂቃ! "ጀበናዬ ሊገነፍል ሲል እንደምጠብቀው ጠበቅኩ" ትላለች አክስቴ።

"ነጭ ነገር አለ" አለች ሲስተሯ።

ሳቁ ቆመ። "ካንሰር ነው?"

"አይደለም። ካንሰር ሊሆን ያሰበ ነው። ሐሳቡን ዛሬውኑ እናስቀይረዋለን።"

ከጥግ አንድ ሲሊንደር ተጎተተ። በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ለስላሳ መጠጥ የሚያፈላው ጋዝ። በእሱ የቀዘቀዘ ብረት ነጩ ቦታ ላይ ሦስት ደቂቃ ይያዛል፣ አምስት ደቂቃ ይለቀቃል፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ ይያዛል። ክፉው ሥጋ በብርድ ይሞታል። (ሲሊንደር መሙላት ጣጣ ስለሆነ ዛሬ በብዙ ቦታ በሚግል ብረት ይሠራል፤ እሱ አንድ ደቂቃም አይፈጅ።) እንደ ወር አበባ ቁርጠት አመማት እንጂ ማደንዘዣ እንኳ አላስፈለጋትም። "አቼቶና የለስላሳ ጋዝ" አለች ስትወርድ። "ሐኪም ቤት ነው ወይስ የእኔ ምግብ ቤት?"

ሲስተሯ መመሪያዋን ስትሰጥ ሌላም ነገር ጠየቀቻት። "የ14 ዓመት ልጅ የለችዎትም?" አለቻት። የመጨረሻዋ ልጇ በ2011 ዓ.ም. አንድ ክትባት በአገር ደረጃ ሲጀመር ትምህርት ቤት ውስጥ ክንዷን ተወግታ መጥታለች። አክስቴ ያን ቀን "ሊያመክኗት ነው" ብላ ጮኻ ነበር። ለካ ክትባቱ የዚሁ የኤች ፒ ቪ ነው። ልጅ እናቷን ቀድማ ተከልላ ኖሯል።

አንድ ነገር ቀረ። ቁስሉ እስኪድን ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል፤ ለአንድ ወር ከባል መራቅ ግድ ነው።

ባሏ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነው፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው ቤት የሚገባው። የዚያን ማታ ገባ። እራት አቀረበችለት፣ ቡና አፈላች፣ ከዚያ "አንድ ወር ጎረቤት ነን" አለችው።

"ምን አጠፋሁ?"

ነገረችው። ዝም። አሁንም ዝም። እሷም ጨመረች፤ "ቀነፋ ግንባሬ ላይ እንዳሰርኩ ቁጠረው።" ቀነፋን ለማታውቁ፣ የአርሲ ሴት ስትወልድ ግንባሯ ላይ የምታስራት ትንሽ እንጨት ናት። እሷ እስካለች ድረስ አራሷ አትነካም፣ ክፉ አትሰማም። ባሏም የአርሲ እናት ልጅ ነው፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ግን ሰላጣ ላይ አቼቶ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

ዓመቱ ሲሞላ ለክትትል ተመልሳ ወጣች። ብቻዋን አይደለችም፤ አራት ጎረቤቶቿን ይዛለች። ጤና ኤክስቴንሽኗ አራተኛ ቡና ሳያስፈልጋት በአክስቴ ምግብ ቤት ወሬው ደራን አዳርሶ ነበር። ሚኒባሱ ኢተያን አልፎ ብርዱ ሲገባ፣ ከአራቱ ታላቅ የሆነችው፣ ከወጣች ጀምሮ አንድ ቃል ያልተነፈሰችው፣ ወደ አክስቴ ጆሮ ጠጋ አለች።

"እውነት አቼቶ ብቻ ነው?"

"እውነት" አለች አክስቴ ጋቢዋን እየደረበችላት። "ሰላጣ ግን አያመጡልሽም።"