ዘግይቶ የተጣለ ድንኳን

መስቀል አደባባይን የምናውቀው በደመራ፣ በታላቁ ሩጫና በኮንሰርት ነው። ጥጉ ላይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግን ብዙዎቻችን ታክሲ ስንጠብቅ በውጭ በኩል አይተነው እናልፋለን። ሙዚየም ሲባል የሚታየን የንጉሥ ዘውድ፣ የድንቅነሽ አጥንትና የሚያንቀላፋ ጥበቃ ነዋ! ይኼኛው አመጣጡ ለየት ይላል። የጠነሰሱት ልጅ፣ ወንድም፣ እህት የተገደለባቸው ሰዎች ናቸው።

ቦታውም በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደም የሚመስል ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን ሕዝብ ፊት የከሰከሱት እዚሁ፣ ያኔ አብዮት አደባባይ በሚባለው ሜዳ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከቤተሰብ ሰምታችሁ ይሆናል። ወጣቶች በሌሊት ይወሰዱና ጠዋት አስከሬናቸው መንገድ ዳር ይገኛል። ልጇን የምትቀብር እናት የጥይቱን ዋጋ ክፈይ የተባለችበት ጊዜም ነበር። ማልቀስም ክልክል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኛ እኮ ለሩቅ ጎረቤት እንኳ ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ሦስት ቀን የምንቀመጥ ሰዎች ነን። እድር ያለው ሀገር ላይ ለቅሶ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ ለፈረንጅ ማስረዳት ይከብዳል፤ ለእናንተ ግን አያስፈልግም።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ቤተሰቦች እርስ በርስ መፈላለግ ጀመሩ። የጅምላ መቃብሮች ተቆፈሩ። አጥንቱን የማንነት ስም ለመስጠት ከረዱት መካከል የአርጀንቲና ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሙያውን የተማሩት የራሳቸው ወታደራዊ መንግሥት የሰወራቸውን ሰዎች ሲፈልጉ ነው። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት የጥፋተኝነት ውሳኔ ላይ የደረሰው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! ቤተሰቦቹ ይህን ሁሉ ጊዜ ፍርድ ብቻ ሲጠብቁ አልቆዩም። ማኅበር መሥርተው ለመታሰቢያው ሲሯሯጡ ቆዩ፤ ሙዚየሙም በ2002 ዓ.ም. ተከፈተ። የመረቁትም አራት ልጆቻቸውን በአንድ ቀን የተነጠቁ እናት ነበሩ።

ውስጡን የሞላው ከየቤቱ የወጣ ነገር ነው። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ፎቶ ነው፦ አፍሮ ያበጠሩ፣ ኮሌታቸው ሰፊ፣ ፎቶ ቤት ገብተው ቀጥ ብለው የተነሱ ልጆች። አብዛኞቹ የእኛን ዕድሜ እንኳ አልደረሱም። በመስታወቱ ውስጥ ደግሞ ከጉድጓድ የወጣ አጥንት፣ ልብስና ገመድ አለ።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ኢሕአፓ ራሱ የገደላቸው፣ መኢሶን ደርግን ደግፎ ቆይቶ በኋላ እሱም የተበላበት ታሪክ እዚያ ውስጥ ሳስቷል። ቤተሰብ ሙዚየም ሲሠራ የሚያስቀድመው የልጁን ፎቶ ነው፤ ይህ አይፈረድበትም። ማን ማንን ለምን ገደለ የሚለውን ለማወቅ ለሚገባ የዘንድሮ ወጣት ግን ትልቅ ጉድለት ነው፤ ይህንን የመሙላት ሥራ ደግሞ የእናቶቹ አይደለም፣ የታሪክ ባለሙያዎቹ ነው።

ከአስጎብኚዎቹ መካከል ራሳቸው ታስረው የተገረፉ ነበሩ። ወፌ ላላ እንዴት እንደሚታሰር ጎብኚ ሲጠይቃቸው መጽሐፍ መጥቀስ አያሻቸውም ነበር፤ እጃቸውን አጣምረው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ያሳዩ ነበር።