የማይታየው ኃይል ወሰን እንዴት እንደ ተወሰነ

ማታ በመብራት ስናጠና ብርሃኑን እናያለን እንጂ ብርሃኑን ያመጣልንን ሽቦ አናስታውሰውም። በሽቦው ዙሪያ ግን በዓይን የማይታዩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም የኤሌክትሪክ መስክና የማግኔት መስክ ይባላሉ። የመጀመሪያው መብራቱ ቢጠፋም ሽቦው ኃይል እስካለው ድረስ ይኖራል፤ ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ሲፈስ ብቻ ይፈጠራል። በአገራችን ያለው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ መስኮቹም አብረውት ይመላለሳሉ። ታዲያ ሰው በነዚህ መስኮች ውስጥ እስከ ምን ልክ ቢኖር አይጎዳም? መልሱ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለምና ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1820 ዓ.ም. የዴንማርኩ ሊቅ ኤርስቴድ ኤሌክትሪክ የሚፈስበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አየ። በ1831 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ፋራዴይ የሚለዋወጥ ማግኔት በአጠገቡ ባለ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሣ አስረዳ። የሰው ገላም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ይህ ሕግ ለሥጋችንም ይሠራል። በ1896 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሐኪም ዳርሶንቫል፥ ሰው ራሱን በብርቱ ተለዋዋጭ የማግኔት መስክ ውስጥ ሲያገባ በዓይኑ ፊት ብልጭታ እንደሚያይ ገለጸ። አንባቢ ይህችን ብልጭታ ያስታውስልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

መስመሮቹ እየበረቱ ሲሄዱ ጥያቄው ከሊቃውንት ክፍል ወጥቶ ወደ ሠራተኛው ደረሰ። በ1960ዎቹ የሶቪየት ኅብረት ሐኪሞች፥ እስከ 500 ሺሕ ቮልት ባላቸው ጣቢያዎች የሚሠሩ ሰዎች ራስ ምታትና ድካም እንደሚሰማቸው ጻፉ። በ1970ዎቹም ከፍ ባለ የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ የሚሠራበት ሰዓት እንዲያጥር በዚያ አገር ተደነገገ። በሌሎች አገሮች የተደረገው ምርመራ ግን በአብዛኛው ያንን ሕመም አላጸናውም።

በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ናንሲ ወርዝሃይመርና ኤድ ሊፐር የተባሉ ተመራማሪዎች፥ በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ በካንሰር የሞቱ ሕፃናት ብዙ ኤሌክትሪክ በሚያሳልፉ ሽቦዎች አጠገብ በብዛት መኖራቸውን ጻፉ። መስኩን ግን በመሣሪያ አልለኩትም፤ ከሽቦው ውፍረትና ርቀት ገመቱት እንጂ። ስለዚህ ክርክሩ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ።

በ1990 ዓ.ም. የዓለም አቀፍ የጨረር መከላከያ ማኅበር ኮሚቴ ለሕዝብ 100 ማይክሮቴስላ፥ ለሠራተኛ 500 ማይክሮቴስላ የማግኔት ወሰን አወጣ። ለኤሌክትሪክ መስክም ለሕዝብ በሜትር 5 ሺሕ ቮልት፥ ለሠራተኛ 10 ሺሕ አደረገ። ከዚያ ማኅበር የወጣው ኮሚሽን በ1998 ዓ.ም. እነዚህን ቍጥሮች ለ50ው ምልልስ አጸናቸው፤ በ2010 ዓ.ም. ግን የማግኔቱን ወሰን ለሕዝብ ወደ 200፥ ለሠራተኛ ወደ 1000 ከፍ አደረገው። ከመሠረቶቹም አንዷ ያቺ የዳርሶንቫል ብልጭታ ነበረች!

ነገር ግን ጥያቄው አላለቀም። በ2000 ዓ.ም. የብዙ አገር ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፥ ከ0.4 ማይክሮቴስላ በላይ ባለ ቤት የሚኖሩ ሕፃናት በደም ካንሰር የመያዛቸው ነገር እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ እንዲህ ባለ ቤት የሚኖሩት ግን ከመቶ አንድ አይሞሉም። ምክንያቱ መስኩ ለመሆኑ ማስረጃ አልተገኘም፤ የእንስሳት ሙከራም አልደገፈውም። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2002 ዓ.ም. ባሳተመው ውሳኔ «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ጋር መደበው። ስዊስ ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ሰው ብዙ ጊዜ በሚቆይበት ስፍራ አጠገብ ለሚተከሉ አዳዲስ መስመሮች 1 ማይክሮቴስላ ወሰን በ1999 ዓ.ም. ደነገገች።

እንግዲህ ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንጨርስ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የተማርነው ይህ ነው። ወሰን የእውቀት ልክ ነው። ቍጥሩ ከ100 ወደ 200 የወጣው የሰው ሥጋ ጠንክሮ ሳይሆን ስሌቱ ስለ ተጣራ ነው። የተረጋገጠው ጉዳት ሕግ ይሆናል፤ የተጠረጠረው ደግሞ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ከመካከላችን መሐንዲስ ወይም ሐኪም የሚሆን ቢኖር፥ ወሰን ሲነገረው «ማን ለካው? በምን ለካው? ምንስ ሳይለካ ቀረ?» ብሎ ይጠይቅ። ያለ ምክንያት መፍራትም፥ ያለ ምርመራ መናቅም ለተማረ ሰው አይገባም።